ቲቸር፣ ይሄ ቤት የት ሰፈር ነው?

የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝ። ባለፈው ጥቅምት መቶኛ ስናሠራ የለመድኩትን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ «አንድ ሠራተኛ በወር 12,000 ብር ያገኛል። 30 በመቶውን ለቤት ኪራይ ቢከፍል ኪራዩ ስንት ነው?» መልሱ 3,600 ብር ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ስሌቱ የከበዳት መስሎኝ ነበር። «ቲቸር፣ ይሄ ቤት የት ሰፈር ነው? እናቴ ቤት እየፈለገች ነው» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቤቴ ስል የተከራየሁትን ማለቴ ነው።

30 በመቶ የሚለውን ልክ እኔ አልፈጠርኩትም። ኪራይ ከገቢ ከዚህ በላይ ከወሰደ ቤተሰብ ሌላውን ወጪ መሸፈን ያቅተዋል የሚለው በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሚዛን ነው። አዲስ አበባ ላይ ሚዛኑን ማንሳት በራሱ ቀልድ ይመስላል።

የትምህርት ቤታችን የሒሳብ ሠራተኛ በዲግሪ ተመርቆ በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ አልክድም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አብረን አሰላነው፤ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ እጁ የሚገባው 8,595 ብር። በዚያው ሳምንት ደላላ የካ አባዶ ወስዶ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ አሳይቶታል። አብሬው ሄጄ ነበር። በየደጃፉ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ጎረቤት ነገረችን፤ ደላላው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ኪራይ 10,000 ብር፤ የሁለት ወር ቅድሚያ፤ የደላላው ደግሞ ለብቻው። ልጁ ደመወዙን ሳይቀንስ ቢያስረክብ እንኳ 1,405 ብር ይጎድለዋል። እስከዛሬ ለገጣፎ አክስቱ ቤት፣ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው።

ሕግ የለም እንዳይባል የቤት ኪራይ አዋጅ አለ። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ሰኔ 24 ይፋ ከሚደረገው እንዳያልፍ ያዝዛል። በደንብ የታሰበ ነው። የእኔ ውል ላይ የተጻፈው ኪራይ 7,000 ብር ነው፤ በባንክ የማስገባውም እሱን ነው። ሌላ 4,000 ብር በየወሩ በፖስታ አሽጌ ለአከራዬ በእጃቸው እሰጣለሁ። ፈርሜያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ባልፈርም «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» መባሉን አውቃለሁ። አከራዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታቸው ዘይትና መድኃኒት እንኳ አይሸፍንላቸውም፤ የሚኖሩት በእኔ ኪራይ ነው። በፖስታው ሁለታችንም እናፍራለን፤ እሳቸው ሲቀበሉኝ ሁሌ ቡና ያቀርባሉ።

አዋጁ ላይ የምነቅፈው ሌላ ነው። የዘንድሮን ኪራይ የሚለካው በአምናው ኪራይ ነው። ተከራዩ ስንት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ስሌቱ ውስጥ አልገባም። አምና ከደመወዝ በላይ የነበረ ኪራይ ዘንድሮ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢጨመርበት ሕጋዊ ነው፤ ከደመወዝ በላይ መሆኑ ግን አልቀረም።

ኮንዶሚኒየምስ? ሰኔ 2005 ከመቶ ሺዎች ጋር ተሰልፌ በ20/80 ፕሮግራም ለባለ አንድ መኝታ ቤት ተመዘገብኩ። ቁጠባው በወር 274 ብር ነበር፤ በጊዜው ያምም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 እጣ ወጣ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፋ። መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች እጣ ተሰረዘ፤ ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስሜ በሁለቱም አልነበረም። እስከ ሰኔ 2017 በ12 ዓመት ያለማቋረጥ ያስገባሁት፣ ወለዱን ትተን፣ 39,456 ብር ነው። በዛሬው ዋጋ የዚያችን ስቱዲዮ የአራት ወር ኪራይ አይሞላም። የቁጠባ ደብተሩን ግን አልጣልኩትም፣ ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

በቴሌግራም «10 በመቶ ብቻ ከፍለው የቤት ባለቤት ይሁኑ» ከሚሉት ቤት ሻጮች ወደ አንዱ ደወልኩ። በካሬ 120,000 ብር አሉኝ። 50 ካሬ ቢሆን 6 ሚሊዮን ብር። የሒሳብ ሠራተኛችን ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ታክሲ ሳይሳፈር ደመወዙን ሁሉ ቢያስቀምጥ 58 ዓመት ከሁለት ወር ይፈጅበታል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ «ጋሼ፣ ዋጋው ከሚቀጥለው ወር ይጨምራልና ይፍጠኑ» አለችኝ።

ቤት ይሠራ፣ ብዙ ይሠራ፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ስንት ቤት ተሠራ፣ ስንት ቤት ተላለፈ የሚለው ዜና ለማን ኪስ እንደተሠራ አይነግረንም። ቤት በካሬና በብሎክ ብቻ መለካቱ ይብቃ፤ በወር ደመወዝም ይለካ። የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። በመጪው ሰኔ 24 የኪራይ ጭማሪው በመቶኛ ሲነገር፣ ከጎኑ የየክፍለ ከተማው አማካይ ኪራይና የጀማሪ ሠራተኛ የተጣራ ደመወዝ አብረው ይጻፉ። ማካፈሉን እኛው እንሠራዋለን።