መስታወቱ ወዴት ይዞራል?

ባለፈው የበጋ ወራት ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዷ ከእኅቷ ጋር ወደ ቢሮአችን መጣች። እኅትየዋ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከዘመድ ብድር ጋር አዳብላ በአዲስ አበባ አንድ መንገድ ዳር አነስተኛ መድኃኒት ቤት ለመክፈት ተነሥታለች። ቤቱ ግን በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ አይደለም፤ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በጭነት መኪና የሚመጣ፣ በክሬን ወርዶ የሚተከል፣ አንድ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ተገጣጣሚ ክፍል ነው። የሻጩን ሥዕላዊ መግለጫ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግተው፣ «ዶክተር፣ ነጠላው መስታወት ይሻላል ወይስ ድርቡ? የዋጋው ልዩነት ብዙ ነው» ሲሉ ጠየቁን። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት መስታወቱ ወዴት እንደሚዞር ጠየቅናቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «ወደ መንገዱ ነዋ!» አለች እኅትየዋ። መንገዱ በቦታው በስተምዕራብ ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለውን ክፍል ለመኖሪያም ሆነ ለንግድ የሚገዛ ሰው፣ ስለ መስታወቱ ዓይነት ከመጨነቁ በፊት ስለ አቅጣጫው፣ ስለ ጥላውና ስለ አየር መውጫው ሊጨነቅ ይገባል። ይህን ለመረዳት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል።

አዲስ አበባ የምትገኘው በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በስተደቡብ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ፣ ብዙ ተማሪዎቻችን ሲሰሙት እንደሚገረሙበት፣ ከአናታችን አልፋ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ 2.2 ሜትር ቁመት ያለውንና ወደ ሰሜን የዞረውን መስታወት ከሰኔ የቀትር ፀሐይ ለመከለል ጣሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ቢወጣ ይበቃል። ወደ ደቡብ ለዞረው ለታኅሣሥ ቀትር 1.4 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን የታኅሣሥ ፀሐይ በአዲስ አበባ ብርድ ለመኖሪያ ቤት የምትጠላ አይደለችም። ችግሩ ያለው በምሥራቅና በምዕራብ ነው። በመጋቢት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ምዕራቡን ግድግዳ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ሁለት ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጣሪያ እንኳ በዚህ ሰዓት የሚያጠላው የመስታወቱን የላይኛውን እኩሌታ ብቻ ነው።

ይህ በቁጥር ምን ያህል ነው? ሰማዩ ጥርት ባለበት በዚያ ሰዓት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የምዕራብ መስታወት ላይ ወደ 700 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ጨረር ያርፋል። የእኅትማማቾቹ ክፍል ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚያህል ሲሆን መስታወቱ 13 ካሬ ሜትር ነው። ንጹሕ ነጠላ መስታወት ከሚያርፍበት ጨረር 85 በመቶ ያህሉን ስለሚያሳልፍ፣ ከ7 ኪሎዋት በላይ ወደ ክፍሉ ይገባል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል እንደሚወስድ ካሰብን፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ምጣድ ለኩሶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። በክፍሉ ያለው አየር ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ሙቀቱ በሙሉ ለአየሩ ብቻ ቢደርስ ኖሮ በየ4 ወይም በየ5 ሴኮንዱ 1 ዲግሪ ይጨምር ነበር። እርግጥ ነው፣ ወለሉና ዕቃው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሆኖም የጭቃና የድንጋይ ቤት የቀኑን ሙቀት በወፍራም ግድግዳው ውጦ እስከ ማታ ሲያቆየው፣ ስስ ቆርቆሮና ፎም የሆነው ግድግዳ የሚውጠው እጅግ ጥቂት ነው።

«መስታወት ሙቀትን የሚያጠምደው ብርሃንን አስገብቶ ታህተ ቀይ ጨረርን ስለሚያግድ ነው» የሚለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ እ.ኤ.አ. በ1909 ሁለት ሣጥኖችን፣ አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን ታህተ ቀይ ጨረርን በሚያሳልፍ የጨው ዝርግ ከድኖ ፀሐይ ላይ ቢያኖራቸው፣ የሁለቱ ሙቀት ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ ተገኘ። ዋናው አጥማጅ የታሰረው አየር ነበር። (የምድር ከባቢ አየር ጉዳይ ከዚህ የተለየ ስለሆነ አንባቢ እንዳያደባልቀው።) እንግዲህ ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ መውጫ የሌለው የመስታወት ክፍል የውድ ሣጥን ነው። ቬንቲሌተር ሲገዛም በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ቬንቲሌተር የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያነሰ መሆኑ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ እኅትማማቾቹ ጥያቄ እንመለስ። ድርብ መስታወት በውስጥና በውጭ ባለው የሙቀት ልዩነት ምክንያት የሚያልፈውን ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የፀሐይን ጨረር ግን ከ85 ወደ 75 በመቶ ገደማ ቢያወርደው ነው። በኅዳር ሌሊት ለሚተኛበት ሰው ጥሩ ግዢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለሚመታው ሱቅ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው ወጣ ማለት ነው።

በድርብ መስታወት ላይ ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው አየር በፋብሪካው ይታሸጋል። ፋብሪካው በባሕር ጠለል ላይ ከሆነ የታሸገው የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ የአዲስ አበባው ግን 77 ገደማ። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 2,400 ኪሎ ግራም እንደ መጫን ነው! መስታወቱ ወደ ውጭ እየጎበጠ ግፊቱን ስለሚያስተነፍስ ጫናው በሙሉ አይደርስበትም፤ ይሁን እንጂ ጉብጠቱ ማሸጊያውን ሊከፍተው፣ አልፎም መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የመጣ የድንች ጥብስ ከረጢት ተነፍቶ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ለከፍታ ቦታ የሚላከው መስታወት ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ይገጠምለታል። ገዢው ይህን መጠየቅ፣ ሻጩም በጽሑፍ ማስፈር አለበት እንላለን።

በሥዕላዊ መግለጫው ላይ የሚታዩት ውብ ክፍሎች በአብዛኛው የተነሡት በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ በምትልበት በለንደን ዓይነቱ አገር ነው። በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ እኛም እንዲህ ባለ ክፍል ስንሠራ ደስ ይለን ነበርና ፍላጎቱን አንነቅፍም። ነገር ግን በዚያው በለንደን እ.ኤ.አ. በ1851 ጆሴፍ ፓክስተን ወደ 300,000 ከሚጠጉ አንድ ዓይነት መስታወቶች የገጣጠመው «ክሪስታል ፓላስ» እንኳ፣ ጣሪያው በሸራ ተሸፍኖ፣ በግድግዳው ዙሪያ የሚከፈቱና የሚዘጉ የአየር መውጫዎች ነበሩት። ሸራው በውጭ በኩል መዘርጋቱን ልብ ይሏል። በውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ጨረሩን የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል።

ለእኅትማማቾቹ መንገዱን ማዞር አልቻልንም። ሰሜናዊው ጎን ግን ወደ አንዲት መተላለፊያ የተከፈተ ነበር። መስታወቱ ወደዚያ እንዲዞር፣ በመንገዱ በኩል በርና የስም ሰሌዳ ብቻ እንዲቀር፣ ከጣሪያው ሥርና ከወለሉ በላይ መውጫና መግቢያ እንዲከፈት፣ ጣሪያውም ነጭ እንዲቀባ መከርን። በነጠላውና በድርቡ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ለዚህ ሁሉ ተርፏል። ሻጩ ስለ አቅጣጫ የጠየቀው ገዢ እንደሌለ ነገራቸው።

ክፍሉ ከተተከለ በኋላ አንድ ቀን በ10 ሰዓት ተኩል ጎራ ብለን ነበር። በመደርደሪያው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 27 ዲግሪ ያሳያል። ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ለተባሉት መድኃኒቶች ይህ ይበቃል፤ ከ25 በታች ለተባሉት ግን አይበቃም፤ እነርሱን ምን እንደምታደርጋቸው ገና እየተነጋገርን ነው።