አንጀትን ከካንሰር መድኃኒት ጉዳት ለመጠበቅ ዕፀዋት ይረዳሉን?

በቤታችሁ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ሰው ካለ፣ ጠያቂው ሁሉ የየራሱን መድኃኒት ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሌላዋ እርድ በወተት ታዛለች። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ሆኖም የሚጠቅመውን ከሚጎዳው መለየት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ የችግሩን ምንጭ እንመልከት። ኬሞቴራፒ የሚያጠቃው ፈጥነው የሚራቡ ሕዋሳትን ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋንም እንደ ካንሰሩ ሁሉ ፈጥኖ የሚራባ፣ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ራሱን የሚያድስ በመሆኑ ከጥቃቱ አያመልጥም። የአፍ ቁስልና ተቅማጥ የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው። ተቅማጡ ሲበረታ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ለመቀነስ ወይም ሕክምናውን ለማዘግየት ይገደዳል። ስለዚህ አንጀትን መጠበቅ ሕክምናውን ከዳር ለማድረስ ይረዳል።

በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4 ዕፀዋት የሚቀመም ጥንታዊ የቻይና መድኃኒት ኢሪኖቴካን ለተወጉ አይጦች ሰጥተው፣ የተጎዳው የአንጀት ሽፋን ቶሎ እንዳገገመና የካንሰር መድኃኒቱም ኃይል እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ዝንጅብልም ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ ያመለከቱ ጥናቶች አሉ፤ ለውጥ ያላገኙም አሉ። በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ይሠራል ማለት ግን አይቻልም።

ከዚህም በላይ፣ ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከአጣጥ ወገን ከሆነ የኢትዮጵያ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገር ተገኝቶ ነበር፤ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ራሱ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የጡት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ የአንድን ካንሰር መድኃኒት ኃይል እንዳዳከመ ተገልጿል። በወጥ ውስጥ የሚገባ ቁንጥር እርድና በማንኪያ ተለክቶ በየቀኑ የሚዋጥ እርድ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

1ኛ. ለሕመምተኛው የምትሰጡትን ቅጠል፣ ሥርና ዱቄት ሁሉ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ዕቃውንም ይዛችሁ አሳዩ።

2ኛ. ተቅማጥ ሲጀምር ወዲያውኑ ለሐኪም አስታውቁ፤ እስከዚያው ኦ.አር.ኤስ. በፈላ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡ።

3ኛ. ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አትስጡ። ምግቡ ለስላሳ፣ በርበሬ ያልበዛበት፣ በትንሽ በትንሹ የሚቀርብ ይሁን።

4ኛ. ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ጎረቤት ይዛ የመጣችውን በምስጋና ተቀበሉ፤ ሐኪሙ ሳያውቀው ግን ለሕመምተኛው አትስጡ።