የከሰረ ሁሉ አታላይ ነውን?



በአባቶቻችን ዘመን «ቁራኛ» የሚባል ሥርዓት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቶ ይውል ያድር ነበር። ልማዱ ቀረ፤ ቃሉ ግን «የአልጋ ቁራኛ» በምንለው አነጋገር ውስጥ ዛሬም አለ። እኔ ግን ለዶክትሬት ትምህርቴ ሕንድ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ቁራኛን የፖሊስ ልብስ ለብሶ አየሁት።

የማውቀው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለንግዱ ገንዘብ ተበድሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከፈለ። ኋላ ገበያው ከዳው፤ ከሰረም። አበዳሪው ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ሳይሆን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «አታለለኝ» አለ። ነጋዴው በሌሊት ተያዘ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ የአንገት ወርቋን ሸጣ ገንዘቡን ስታመጣ፣ አበዳሪው አቤቱታውን ረሳው። እጠይቃለሁ፦ በእርግጥ ማታለል ተፈጽሞ ከነበረ፣ ገንዘቡ ሲመለስ ወንጀሉ ወዴት ሄደ?

ጥፋቱ የሕጉ ነው እንዳንል ሕጉ ግልጽ ነው። እንግሊዞች በ1860 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሕንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 415 ማታለልን ይተረጉማል፤ በአንቀጽ 420 ደግሞ አታልሎ ንብረት የተቀበለን ሰው እስከ 7 ዓመት እስራት ይቀጣል። ቁጥሩ ከመታወቁ የተነሣ በሕንድ አጭበርባሪ ሰው «ቻር ሶ ቢስ»፣ ማለትም «420» ይባላል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲሱ ሕግ፣ ባራቲያ ኒያያ ሳንሂታ፣ ድንጋጌውን ወደ አንቀጽ 318 አዛውሮታል። ቁጥሩ ተለወጠ፤ መሠረተ ሐሳቡ አልተለወጠም። ተበዳሪው ወንጀለኛ የሚሆነው ገንዘቡን በተቀበለባት ሰዓት የማታለል ሐሳብ ከነበረው ብቻ ነው።

ሐሰተኛ የሒሳብ መዝገብ ያቀረበ፣ በመጋዘን የሌለ ዕቃ በመያዣነት ያስመዘገበ፣ ከመነሻው ላለመክፈል ቆርጦ የፈረመ፣ እርሱ አታላይ ነው፤ ይታሰር! በቅን ልቡና ተበድሮ ኋላ የከሰረ ግን ባለዕዳ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ2000 እ.ኤ.አ. አስረግጦ ተናግሯል። በ2006 ነጋዴዎች የፍትሐ ብሔር ክርክርን ወደ ወንጀል የመለወጥ ዝንባሌያቸው እያደገ መምጣቱን ነቅፏል። በ2019 ደግሞ ከጉጃራት በቀረበለት የብድር ጉዳይ፣ ብድርን መመለስ አለመቻል ብቻውን የማታለል ክስ እንደማያስነሣ ወስኗል። ይህ ሁሉ ተብሎም በሚያዝያ 2025 ዋና ዳኛው ሳንጂቭ ካና ይህንኑ ልማድ በኡታር ፕራዴሽ አግኝተው «የሕግ የበላይነት ፈርሷል» እስከማለት ደረሱ። ፍርዱ ከዴልሂ ተነሥቶ ፖሊስ ጣቢያው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

«የፍትሐ ብሔር ክስ ዓመታት ይፈጃል፤ አበዳሪው ምን ያድርግ?» የሚሉ አሉ። ብሶታቸው እውነት ነው፤ መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው። የዘገየ ችሎት መድኃኒቱ ችሎቱን ማፋጠን እንጂ ወህኒ ቤትን የዕዳ መሰብሰቢያ ማድረግ አይደለም። አበዳሪውም ባዶ እጁን አልቀረም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ከተሰጠው፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር ራሱን የቻለ ድንጋጌ አለለት። ያም እንኳ ባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ደርሶት የ15 ቀን ዕድል እንዲያገኝ ያዛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። የከሰረ ሁሉ አታላይ ከተባለ፣ እውነተኛው አታላይ በከሳሪዎች መካከል ተሸሽጎ ያመልጣል። ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቦ ከባንክ የተበደረው ባለጸጋ ምርጥ ጠበቃ ይገዛል፤ ወርቅ የሚሸጠው የትንሹ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ።

ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ሕንድ በ1979፣ አገራችንም በ1993 እ.ኤ.አ. ተቀብለውታል። ስለዚህ በየትኛውም አገር ፖሊስ የባለዕዳን በር ከማንኳኳቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ይመልስ፦ ይህ ሰው ገንዘቡን ሲቀበል ዋሽቶ ነበርን? መልሱ «አልዋሸም» ከሆነ፣ ይመለስ፤ ሰንሰለቱንም ይዞ ይመለስ።