የነገው ሙያ በወሬ አይመረጥም

ርእሰ አንቀጽ

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ምርጫቸውን በቅጽ የሚሞሉበት ወቅት በደረሰ ቍጥር፣ በመኝታ ቤቱም ሆነ በምግብ አዳራሹ፣ በቤተ መጻሕፍቱም ደጃፍ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ወደፊት ብዙ ደመወዝ የሚያስገኘው የትኛው ነው?» የሚል ነው። አንዱ ኮምፒዩተር ነው ይላል፤ ሌላው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሕክምናን፣ አራተኛው የሒሳብ አያያዝን ያነሣል። የነገዎቹን ባለ ብዙ ገንዘብ ሙያዎች የሚዘረዝር ጽሑፍ በስልኩ ላይ ያየ ተማሪም ለጓደኛው ያስተላልፈዋል፤ ጓደኛውም ለጓደኛው። በዚህ አኳኋን ከአንድ መኝታ ክፍል የወጡ ስድስት ልጆች አንድ ዓይነት ቅጽ ሞልተው ይገኛሉ። ስለዚህ ጉዳዩን በዚህ ጋዜጣችን ላይ አንሥተን ከተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እንዲሁም ከመምህራኖቻችን ጋር ልንመክርበት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንድንናገር ይፈቀድልን። ደመወዝ መፈለግ ነውር ነው የሚል አሳብ የለንም። ከመካከላችን አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ነን። በ2017 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 8.4 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ስናስታውስ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወንበር የደረሰ ልጅ የስንት ሰው ተስፋ ተሸክሞ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። አባት በሬ ሸጦ፣ እናት ከመቀነቷ ፈትታ የላከችው ልጅ፣ ተመልሶ ታናናሾቹን እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። የጠገበ ሰው ለራበው «ገንዘብን አትመልከት» ብሎ ሲሰብክ አንወድም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያ የሚወራለት ገንዘብ በእርግጥ ከዚያ አለን? እስክንደርስበትስ ይቈየናልን? ወይስ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጥርባና ከአካባቢዋ፣ ከባንጃና ከፋግታ ለኮማም የመጣን ተማሪዎች በዓይናችን ያየነው ምስክር አለን፤ እርሱም ዲከረንስ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ በአዊ ገበሬ ማሳ ላይ ከተስፋፋ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የደጋችን አፈር ዝናብ ያጠበውና አሲድ የበዛበት ስለ ሆነ እህል እንደ ልብ አይሰጥም። ገበሬው የዲከረንሱን ችግኝ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ይሰበስባል፤ በሁለተኛው ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ቈርጦ፣ በአፈር አዳፍኖ፣ አክስሎ ለአዲስ አበባ ገበያ ይሸጣል፤ ከዚያም ማሳውን መልሶ ያርሳል። ችግኝ አፍዩ፣ ቈራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙ፣ ደላላው፣ ባለ መኪናው ሁሉ እንጀራ አገኘ። የሣር ክዳን የነበረው ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ከእኛም መካከል ደብተሩና የትምህርት ቤት ልብሱ በከሰል ገንዘብ የተገዛለት ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ያማረ ሲሆን ጊዜ ሁሉም ወደዚያው ዞረ። እህል ይዘራበት የነበረው ማሳ፣ ከብት ይሰማራበት የነበረው መስክ ሳይቀር ዲከረንስ ሆነ። ከ2012 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ግን ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገባና ከማሳ ወደ ማሳ ተዛመተ፤ ለመቈረጥ አንድ ዓመት የቀረው ዛፍ ቆሞ ደረቀ። ከዳር እስከ ዳር የተተከለው አንድ ዓይነት ዛፍ ስለ ነበር በሽታው በመንገዱ ላይ የሚያግደው ነገር አላገኘም። ድንቹንና ገብሱን ፈጽሞ ያልተወ፣ ከጓሮው ቀፎና ቀርከሃ የነበረው ሰው ሌላ የሚይዘው ነበረው፤ ያለውን መሬት ሁሉ ለአንድ ዛፍ የሰጠው ግን እጁን አጨብጭቦ ቀረ።

ዲከረንስን የተከለ ገበሬ ሞኝ ነበር አንልም፤ በጊዜው ሒሳቡ ትክክል ነበር። ልናስተውለው የሚገባን ይህ ነው። ችግኝ ሲተከል የሚታየው የዛሬ ዋጋ ነው፤ ዛፉ የሚሸጠው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የእኛም ትምህርት እንደዚሁ አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ለአንድ ሙያ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ ነው። ይህንኑ ደመወዝ አይተን በብዙ ሺህ የምንቈጠር ሰዎች በአንድ ዓመት ወደዚያው ብንገባ፣ በአንድ ዓመት እንመረቃለን፤ በምንመረቅበት ቀንም ያ ጥቂትነት የለም። ደመወዙን ያስወደደውን ነገር በገዛ እጃችን አጠፋነው ማለት ነው።

ይህ በአገራችን ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ሲከፈት፣ ከፍተኛ ትምህርት የተማረ ሰው እጅግ ብርቅ ስለ ነበር ምሩቁን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት አይታጣም ነበር። ዲግሪ ማለት ወንበር ማለት ነው የሚለው እምነት ከዚያ ዘመን የወረስነው ነው። ቍጥሩ ተለወጠ፤ እምነቱ ግን ሳይለወጥ ቀረ። በ2000 ዓ.ም ከመቶ ሰባው ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው የማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር በመንግሥት ተወሰነ፤ ምክንያቱም ለሚመጣው ኢንዱስትሪ መሐንዲስ ያስፈልጋል የሚል ነበር። መሐንዲሶቹ ተመረቁ፤ ፋብሪካዎቹ ግን በዚያው ልክ አልተከፈቱም። በእነዚያው ዓመታት ዲግሪያቸውን ይዘው ኮብልስቶን በመጥረብና በማንጠፍ ሥራ የተሰማሩትን ምሩቃን የማያስታውስ የለም። ድንጋይ መጥረብ ክቡር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩት ለዚያ አልነበረም። ወላጅ ሁሉ «ልጄን ዶክተር አድርግልኝ» ብሎ በሚሳልበት በሕክምናም እንኳ፣ በቅርብ ዓመታት ተመርቀው ቅጥር የሚጠባበቁ ሐኪሞች ታይተዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ለአገሪቱ ሐኪም በዝቶባታል ልትሉን ነውን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። አልበዛባትም፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ደጃፍ የተሰለፈውን በሽተኛ ያየ ሰው ይመሰክራል። ነገሩ «ተፈላጊ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ችግረኛ የሚፈልገው ነው፤ ሁለተኛው መክፈል የሚችል የሚፈልገው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለሁሉም አሳይቷል። ሕዝብ ያለ እነርሱ አይድንም፤ ኑሮአቸው ግን ከድካማቸው ጋር አልተመጣጠነም። በየስልኩ የሚዞሩት ዝርዝሮች ስለ ሁለተኛው ትርጕም ብቻ ይናገራሉ፤ ያም በአብዛኛው በሌላ አገር ገበያ የተሰላ ነው። የብሩም ቍጥር ቢሆን ያታልላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር በላይ ብዙም ያልነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዋዜማው ትልቅ የተባለ ደመወዝ በአንድ ክረምት ትንሽ ሆኖ አደረ።

የዓለሙን ወሬ ቢሆን ከምንጩ ማንበብ ይሻላል። የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በ2017 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እስከ 2030 ድረስ 170 ሚሊዮን አዲስ ሥራ እንደሚፈጠር፣ 92 ሚሊዮን ነባር ሥራም እንደሚጠፋ ገምቷል። ከዚህ ሪፖርት ተቀንጭቦ የሚወራው፣ በፍጥነት የሚያድጉት የመረጃና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙያዎች ናቸው የሚለው ክፍል ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ በቍጥር ከሁሉ ይልቅ የሚጨምረው ሥራ የእርሻ ሠራተኛ መሆኑ ተጽፏል፤ ይህን ግን ለጓደኛው የሚያስተላልፍ አላየንም። ከእርሻ ሸሽተን የመጣን ነንና ጆሯችን አይቀበለውም። የእርሻ ሠራተኛ ብዙ ይከፈለዋል ማለታችን አይደለም። ያን ያህል ሕዝብ በሚደክምበት መስክ ዕውቀት ይዞ የሚገባ ሰው የሚሠራውን አያጣም ማለታችን ነው።

ኮምፒዩተር አትማሩ የሚል ምክርም የለንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በጎ ነው፤ ጊዜ ያለው ሁሉ ይማረው። ይሁን እንጂ አምስት ሚሊዮን ሰው ሊያውቀው የታሰበ ነገር እንደ ማንበብና መጻፍ ይቈጠራል፤ ለመግቢያ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን ደመወዝ አይሆንም። ቀላል ቀላሉን ፕሮግራም ደግሞ ማሽኑ ራሱ መጻፍ ጀምሯል። ኮምፒዩተር የሚጠቅመው አፈር በሚያውቅ፣ በሽታ በሚያውቅ፣ ሒሳብን ከመሠረቱ በሚያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። ዙሪያችንን እንመልከት። የደጋው አፈር አሲድ እንዲቀንስለት ለአንድ ሄክታር ሃያና ሠላሳ ኩንታል የሚደርስ ኖራ ሊፈልግ ይችላል፤ የትኛው ማሳ ስንት እንደሚፈልግ መርምሮ የሚናገር ባለሙያ ያስፈልጋል። ድንች አምራቹ ከበሽታ የነጻ ዘር ይፈልጋል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በየዓመቱ የምናየው የአገው ፈረሰኞች በዓል ውበቱ ፈረሱ ነው፤ ፈረሱም የእንስሳት ሐኪም ያሻዋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኅዳሴ ግድብ የሚገኘው ከእኛ በስተ ምዕራብ ጉባ ላይ ነው፤ መብራቱ ከገጠሩ መንደር እንዲደርስ መስመር የሚዘረጋ፣ ወፍጮና ፓምፕ የሚጠግን እጅ ይጠይቃል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከትምህርት ውጭ የቈዩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እነርሱን ካቋረጡበት የሚያስቀጥል መምህር ያስፈልጋል። የዲከረንሱ በሽታ ራሱ የዛፍ በሽታ የሚያውቁ ሰዎችን እየጠራ ነው። እነዚህ ሥራዎች ዛሬ ብዙ ይከፈልባቸዋል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ችግሮቹ ነገ ከነገ ወዲያ የሚጠፉ አይደሉም፤ በገዛ ዓይናችን ያየናቸው እንጂ በወሬ የሰማናቸውም አይደሉም።

ከዚህ ተነሥተን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የምንመክረው አጭር ነው። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በምትመርጡት ክፍል አራተኛ ዓመት የደረሰ ሰው፣ ቢቻል ተመርቆ የሚሠራ ሰው አነጋግሩ። የትምህርቱን ስም ሳይሆን በውስጡ የሚሰጠውን ትምህርት ጠይቁ። ሙያው በስሙ ቢሞት እንኳ ከእናንተ ጋር የሚቀር ነገር፣ ይኸውም ሒሳብ፣ ጥሩ አድርጎ መጻፍ፣ መለካትና መጠገን፣ ከሰው ጋር መሥራት፣ በውስጡ መኖሩን እዩ። ከዋናው ትምህርት ጐን ሌላ ሁለተኛ ዕውቀት ያዙ፤ ከዲከረንሱ አጠገብ ድንቹን ያልተወው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ለመምህራኖቻችንና ለአስተዳደሩም ጥያቄ አለን። ተማሪው ወሬ የሚያምነው እውነተኛው ነገር ስለማይነገረው ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ባለፉት ሦስት ዓመታት ያስመረቃቸው ተማሪዎች ስንቱ ሥራ እንደ ያዙ፣ ስንቱ ከተማሩት ውጭ እንደ ተሰማሩ፣ ስንቱ ገና እንደሚፈልጉ ቈጥሮ ምርጫ ከመደረጉ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ከየትኛውም ዝርዝር ይልቅ ይጠቅመናል። ቍጥሩ የማያኮራ ቢሆን እንኳ ይለጠፍ። መጥፎ ቍጥር ያየ ተማሪ ዐውቆ ይገባበታል ወይም ዐውቆ ይተወዋል፤ ሳያውቅ የገባው ግን በመጨረሻ የሚወቅሰው መምህሩን ነው። የተማሪዎች ማኅበራችንም የምሩቃኑን አድራሻ በማሰባሰብ እንዲረዳ እናሳስባለን።

መንግሥትንም በሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር። ሕዝብ የሚያስፈልገውና ደመወዝ የሚያስገኘው ሥራ ተለያይተው የሚኖሩ ከሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ምርጫ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። በገጠር የሚያገለግል ሐኪም፣ መምህርና የእርሻ ባለሙያ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ደመወዝ ካገኘ፣ ያን ጊዜ ማንም ሳይሰብከው ተማሪው ወደዚያ ይሄዳል።

እስከዚያው ድረስ ቅጹ በእጃችን ነው። የምርጫው ቀን ሳይደርስ አሁኑኑ እንጠያየቅ፤ የጐረቤታችንን ቅጽ አይተን አንሙላ።