አሮጌው የስም መጥሪያ አይጣል

በየዓመቱ መጨረሻ ቢሮ ሲጸዳ፣ የቀሪዎች ምክንያት በጎን የተጻፈበት አሮጌ የስም መጥሪያ ይጣል ይባላል። እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴን በኪሰንዪ ባለሱቅ ደብተር ላስረዳ።

ከ100 ሽያጭ በ40ው ሽሮ ቢገዛና ከነዚያ በ30ው በርበሬ አብሮ ቢኖር፣ «ሽሮ የገዛ በርበሬ ይገዛል» የሚለው ደንብ 75 ከመቶ ይሠራል። ራኬሽ አግራዋልና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ያስተማሩት ይህን ዓይነት ቆጠራ ነው። ጾም ገብቶ በሌላ 100 ሽያጭ ሽሮ 60 ጊዜ ቢገዛ፣ በርበሬ ግን አብሮት 30 ጊዜ ብቻ ቢሄድ፣ አዲሱን ብቻ ቆጥረን በአሮጌው ድምር ላይ እንጨምራለን። ደንቡ ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል።

ምስር፣ ባቄላና አተር ግን ለየብቻቸው ጥቂት ስለሆኑ ድምራቸውን አልያዝንም እንበል። «ጥራጥሬ» ተብለው አንድ ላይ ሲታዩ ብዙ ናቸው፤ ያኔ የድሮውን ደብተር እንደገና መግለጥ ግድ ነው።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱ ታናሹን ሲጠብቅ፣ አንዷ ሱቅ ስታግዝ፣ ሌላው ክሊኒክ ሄዶ ለእናቱ ሲያስተረጉም ከትምህርት ይቀራል። ለየብቻ ሲታይ ስንፍና ይመስላል፤ «ቤተሰብ ማገዝ» በሚል ስም ሥር ሲሰበሰብ ሌላ መልክ ይወጣዋል። ይህን ስም ያሰብነው ዘንድሮ ነው፤ የአምናውን የሚነግረን ያ አቧራማ ደብተር ብቻ ነው። (አብሮ መታየት ምክንያት መሆን ስላልሆነ፣ ደንቡ ለማንም ልጅ መፍረጃ አይሁን።)

ወላጆችም ልጅ ሲቀር «አሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። እውነተኛውን ንገሩን፣ እንጽፈዋለን።