ገብስና ቆሎ፦ ሕይወት ያለውን ከሌለው በሙከራ ስለማስለየት

ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ፣ ይመገባሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ያድጋሉ፣ ይራባሉ፣ ቆሻሻ ያስወግዳሉ፣ ለአካባቢያቸው ምላሽ ይሰጣሉ። ይህን ዝርዝር በቃሉ የማይወጣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ጥቂት ነው፤ በፈተናም ነጥብ ያስገኛል። ይሁን እንጂ አንድ የሰቆጣ ተማሪ ከቤቱ ጎተራ አንድ ፍሬ ገብስ አምጥቶ በመዳፉ ቢይዝ ከሰባቱ ምልክቶች አንዱንም በዓይኑ አያይበትም። ገብሱ አይንቀሳቀስም፣ አይበላም፣ ለወራት ቢቀመጥም መጠኑ አይጨምርም። በዝርዝሩ ብቻ የሚመራ ተማሪ ገብሱን ከጠጠር ጎን፣ የተከዜን ወራጅ ውሃ ደግሞ ከፍየል ጎን ቢመድብ ሊወቀስ አይገባም። ምልክቶቹን የሚፈትሽበት ዘዴ አልተሰጠውምና።

ዘዴው በዋግ ኽምራ ደጋ ከማይጠፋ ነገር ሊጀመር ይችላል። ከአንድ ጎተራ የወጣ ገብስ ለሁለት ይከፈላል፤ 100 ፍሬ እንዳለ ይቀመጣል፣ 100 ፍሬ በምጣድ ላይ ለስለስ ተደርጎ ይቆላል። ሁለቱም በየሳህናቸው እርጥብ ጨርቅ ላይ ይዘረጋሉ። በማግስቱ ሁለቱም ውሃ ስበው አብጠው ይገኛሉ። መምህሩ ሊቸኩልበት የማይገባው ሰዓት ይህ ነው። "የትኛው አደገ?" ተብሎ ሲጠየቅ ማበጥን እንደ ማደግ የቆጠረ ተማሪ ቆሎውንም ሕያው ነው ለማለት ይገደዳል፤ መልሱንም በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥሬው ሥር ሲያወጣና ቆሎው እንዳበጠ ሲቀር ተማሪው የራሱን ጽሑፍ ይዞ ይከራከራል። በ7ኛው ቀን የበቀሉት ይቆጠራሉ።

ቆሎ እንደማይበቅል የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም፤ ታዲያ ሙከራው ምን ይጨምራል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ልጆቹ ውጤቱን በእርግጥ ያውቃሉ። እሳቱ ከፍሬው ምን እንደወሰደ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ቅርጹ አለ፤ የሚበላው ክፍልም በአብዛኛው አለ፤ የጠፋው በጽንሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችና ሽፋኖች ተቀናጅተው የመሥራት ችሎታ ነው። ለጠላ ብቅል የምታዘጋጅ እናት በቅጠል የሸፈነችው እህል ሲበቅል እንደሚሞቅ በእጇ ታውቃለች። ያ ሙቀት ፍሬው ሲተነፍስ የሚለቀቅ ነው። የራሰ ጥሬና የራሰ ቆሎ በሁለት ፔርሙዝ ተከተው የሙቀት መለኪያ ቢገባባቸው፣ መተንፈስ የሚለው ቃል በቁጥር ይታያል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ቆሎው ሳይሻግት ነው፤ ሻጋታም ይተነፍሳልና።

ቆሎው መሻገቱ ግን እንደ ብልሽት ታይቶ መደፋት የለበትም። "ቆሎውም ሕይወት አወጣ" የሚል ተማሪ ካለ፣ ይህ ተማሪ ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ መጀመሪያ አንገታቸው በተጠማዘዘ ብልቃጦች የተሟገተበትን ጥያቄ አንሥቷል። ሕይወቱ ከቆሎው ወጣ ወይስ ከአየርና ከጨርቁ መጣበት? ጨርቁን ቀቅሎ፣ ሳህኑን ከድኖ ሙከራውን መድገም ይቻላል።

በእሳት የገደሉትን ካልገደሉት ጋር የማነጻጸር ዘዴ የሕፃናት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ሕይወት ሲፈልጉ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። አፈሩ ምግብ ሲሰጠው ጋዝ ለቀቀ፤ አስቀድሞ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለው አፈር ግን አልለቀቀም። በዝርዝር ከተፈረደ ሕይወት ተገኘ ማለት ነበር። በሌላ መሣሪያ የሕይወት መሠረት የሆኑ የካርቦን ውህዶች ባለመገኘታቸው ግን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ውጤቱን ለአፈሩ ኬሚስትሪ ሰጡት። አንድ ምልክት ብቻውን እንደማይበቃ በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሊጥ እርሾና ሎሚ የተጨመረበት ሶዳ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሁለቱም አረፋ ያወጣሉ።

ቋንቋም የራሱ ድርሻ አለው። ዣን ፒያዤ በ1920ዎቹ ትንንሽ ልጆች የሚንቀሳቀስን ሁሉ ሕያው እንደሚሉ ጽፏል። ስታቪና ዋክስ በ1989 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ልጆች ዕፅዋትን ከሕያዋን ለመቁጠር እንደሚቸገሩ አሳይተው፣ አንዱን ምክንያት ከቋንቋው ቃላት ጋር አያይዘውታል። አማርኛም ከዚህ አይርቅም። እንስሳ "ሞተ" ይባላል፤ ዛፍ ግን "ደረቀ" ነው። እንስሳ ይወለዳል፣ ተክል ይበቅላል። ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌ ቆላ የወረደ ልጅ በበጋ የሚያየው የእጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ደርቆ የቆመ ይመስላል፤ ሲበጣ ግን እጣን የሚያወጣው በዚያው ወራት ነው። "ደረቀ" የሚለው ቃል የሞተውንና ያረፈውን አንድ ያደርጋል። አፋቸውን በኽምጣና የፈቱ ልጆች ቃላት ይህን ወሰን የት ላይ እንደሚያሰምሩ መመርመር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ርዕስ ነው፤ የመምህር መመሪያ ከአማርኛ ከመተርጎሙ በፊትም ሊቀድም ይገባዋል።

ጉዳዩ በዋግ ከክፍል ውጭ የሚመዘንበት ሌላ ሚዛንም አለ። ድርቅ በሚደጋገምበት ምድር የሞተ ዘርና ሕያው ዘር በዓይን አይለዩም፤ የተሳሳተው ገበሬ ስሕተቱን የሚያውቀው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። የ100 ፍሬው ቆጠራ ደግሞ ከዘር ቤተ ሙከራ የመብቀል ፈተና ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሙከራው በግንቦት፣ ከመዝራት በፊት ቢውል፣ እያንዳንዱ ተማሪም ከቆሎው ጎን ቤተሰቡ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ወይም ማሽላ ቢፈትሽ ይመረጣል። ከ100 ፍሬ 60 ብቻ ከበቀለ አባት የዘሩን መጠን ለመጨመር ወይም ሌላ ዘር ለመፈለግ ገና ጊዜ አለው። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢው ስላለ፣ የተማሪዎቹን ቆጠራ ከማዕከሉ ልኬት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ልዩነቱ ሲሰፋ ምክንያቱን መፈለጉ፣ ጨርቁ ደርቆ ይሁን ወይም ሌሊቱ በርዶ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ይሆናል።