«ዲስኬ ተንሸራቷል»

ወገቡን ያመመው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ሳያይ ምን እንደያዘው ይነገረዋል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው «ብርድ ነው» ይለዋል፤ የሥራ ባልደረባው «ነርቭ ነው»፤ አክስቱ ደግሞ ጎበዝ ወጌሻ ታውቃለች። አቅም ያለው ኤምአርአይ ይነሳና «ዲስኬ ተንሸራቷል» እያለ ወረቀቱን ለየሰው ያሳያል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ወረቀት ነው።

ከዲስክ ጋር የሚያያዘው ሳያቲካ የተባለ ሕመም መነሻው ወገብ ቢሆንም የሚያሠቃየው እግርን ነው። ከታችኛው አከርካሪ የሚወጡ የነርቭ ሥሮች ተጣምረው የሰውነታችንን ትልቁን ነርቭ ይሠራሉ፤ እሱም በመቀመጫ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ በአጥንቶች መካከል ያለ ዲስክ ወጣ ብሎ አንዱን ሥር ሲነካው ሥሩ ይቆጣል፤ ሕመሙም ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው እያንዘረዘረ ከጉልበት በታች ይዘልቃል። ማሳልና ማስነጠስ ያብሱበታል። ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በ1934 እ.ኤ.አ. ይህን ካሳዩ ወዲህ ዲስክ ዋናው ተከሳሽ ሆኖ ቀረ።

ነገር ግን በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ውጤቱ በእጃቸው ቢሰጣቸው ኖሮ አንዳንዶቹ በማግስቱ ማንከስ ይጀምሩ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ደግሞም የወጣ ዲስክ ብዙውን ጊዜ እንደወጣ አይቀርም፤ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያመነምነዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሻለው በከፊል ለዚህ ነው። እስከዚያው አልጋ ላይ መዋል አይጠቅምም፤ በተቻለ መጠን መንቀሳቀስ ይሻላል። በብዛት የሚታዘዘው ፕሪጋባሊንም በ2017 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሲፈተሽ ከባዶ ክኒን አልበለጠም፤ ማዞሩ ግን አልቀረም።

ቀዶ ሕክምናስ? ኔዘርላንድ ውስጥ ለሳምንታት የተሠቃዩ 283 ሕመምተኞች ግማሾቹ ቶሎ እንዲቀደዱ፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ተደረገ። የተቀደዱት ፈጥነው ተሻላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግሞ ነበር፤ ከጠባቂዎቹ 39 በመቶ ያህሉ በመሐል ሕመሙ ጠንቶባቸው መቀደዳቸው ሳይረሳ። እንግዲህ ቢላው በዋናነት የሚያተርፈው ጊዜ ነው። ለጫኝና አውራጅ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መሪ ለሚይዝ ሹፌር፣ ይህ ጊዜ የልጆቹ ቀለብ ስለሆነ ቸኩሎ ቢመርጠው አልፈርድበትም።

መጠበቅ የማይገባቸውም አሉ። ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት፤ እሱን ወጌሻ አሽቶ አያድነውም። ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ያለው፣ ብልቱና መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ እግሩ የከዳው ሰው ደግሞ ኤምአርአይ ወረፋ ልያዝ ሳይል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መግባት አለበት።